ባትሪ ልቀይር፣ ራም ልጨምር ወይስ ላፕቶፑን ልገላገለው? (31 መልስ)

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። መጻፍ፣ ማስተካከል፣ ማተም፣ መጠረዝ። መብራት ሲሄድ ፎቶ ኮፒው ይቆማል፣ ዴስክቶፑም ይቆማል። ያኔ ተስፋዬ ላፕቶፔ ብቻ ነው። ዴል ላቲቲውድ ኢ7470 ይባላል፣ በፈረንጆቹ 2016 የወጣ። የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ)፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት)። ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ አራት ዓመት እንጀራ አብልቶኛል።

ያለፈው ሐሙስ ግን አዋረደኝ። አንድ ተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ የማጣቀሻ ዝርዝሩን ከወረቀት እያነበበልኝ እጽፋለሁ። መብራት ድርግም አለ። አይዞህ ባትሪ አለው አልኩት፣ ጥጉ ላይ 38 በመቶ ይላል። ሁለት ማጣቀሻ ሳንጨርስ ስክሪኑም ጠቆረ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ። የጠፋው ቢበዛ ግማሽ ገጽ ነው፣ ልጁ ግን ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቀረ።

ሌላም አመል አውጥቷል። ቻርጀር ተሰክቶ ሳለ ይንቀረፈፋል። ፊደሉን ተጭኜ እስኪወጣ ድረስ እጠብቃለሁ። ራም አነሰው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። እናም የኢንተርኔት መድረኩ ላይ የጠየቅኩት ይኼን ነው፦ ባትሪ ቀይሬ፣ ራሙን 16 አድርጌ፣ ኤስኤስዲውንም አሳድጌ ልቀጥል ወይስ ሸጬው፣ በላዩ ጨምሬ ሌላ ልግዛ? ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ተሳስቶ መግዛት አልችልም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ገመዱን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጌ ደብተር ካላስደገፍኩት ቻርጀሩ አይሞላም። ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣል፣ ኤፍ1 ተጭኜ አልፈዋለሁ። ከመልመዴ የተነሳ ችግር ነው ብዬም አላሰብኩት። አሁን የማነሳው የኋላው ጉድ እንዲገባችሁ ነው።

መልሶቹ እንደ አመጣጣቸው እነሆ። ተራ ስድቡን ዘልዬዋለሁ።

1ኛው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ሽጪው የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ለማን፣ በስንት፣ ምን ልግዛበት፣ የለም።

2ኛው የባሕር ዳር መምህር ናቸው። እህቴ ብለው ጀምረው ረጋ ባለ አጻጻፍ እንዳልሸጠው መከሩኝ። ይህ ዓይነቱ ማሽን ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የታችኛው ክዳን በቀላሉ ይከፈታል፣ ለራም ሁለት ቦታ አለው፣ ኤስኤስዲውም ተነቅሎ የሚተካ ነው። ዛሬ የሚሸጡት ስስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ በገዛሽው መጠን ትኖሪያለሽ እንጂ መጨመር ብሎ ነገር የለም። በመጨረሻ ከሁሉ በፊት ራም እንድጨምር አሳሰቡኝ። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፣ ምክራቸው ግን ገንዘቤን ሊያስበላኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግማሹን ነገር ደብቄ።

3ኛው ብዙ አላወራም። ከመገመት መለካት ይሻላል ብሎ መንገዱን አሳየኝ። ዊንዶውስ ውስጥ ያንን ጥቁር የትእዛዝ መስኮት መክፈት፣ ፓወርሲኤፍጂ ብሎ መጻፍ፣ ክፍተት መተው፣ ከዚያ ስላሽ አድርጎ ባተሪሪፖርት የሚለውን በአንድ ቃል መጻፍና ኢንተር ማለት። የሚወጣውን ፋይል በብሮውዘር ከፍቼ ሁለት ቁጥር ብቻ እንድነግረው ጠየቀ፦ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው።

በ4ኛው እኔ ቁጥሩን አመጣሁ። ሲሠራ 55,000 ሚሊዋት-ሰዓት ነበር። አሁን የሚይዘው 24,310። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ነዳጁ ሁሌም ሙሉ ይመስለኛል፣ ለካ በርሜሉ ራሱ ጠቧል።

5ኛው መገናኛ ላይ ጥገና የሚሠራ ልጅ ነው፣ ከውይይቱ ክር ሁሉ የሱን ያህል የጠቀመኝ የለም። 38 በመቶ ላይ እያለ ለምን ድርግም እንደሚል አስረዳኝ። በመቶው ልኬት አይደለም፣ ግምት ነው። የኔ ባትሪ ውስጥ አራት ሴሎች አሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይታሰራሉ፣ ሁለቱ ጥንድ ደግሞ በተከታታይ። አንደኛው ጥንድ ካረጀ፣ ጭነት ሲመጣበት ቮልቴጁ ቶሎ ይወርዳል። ሌላኛው ጥንድ ገና ጉልበት ቢኖረውም የባትሪው መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ደካማውን አይቶ ሁሉንም ይቆርጠዋል። ሁለት በሬ ተጠምዶ አንዱ ሲተኛ ማረሻው እንደሚቆመው ነው ብሎ አሳጠረው። ዎርድ ውስጥ ፊደል መጻፍ ቀላል ጭነት ነው፣ ከቻርጀር ወደ ባትሪ የሚዞርባት ቅጽበት ግን ለደከመ ባትሪ ፈተና ናት። ልጁ አጠገቤ የነበረው በዚያች ቅጽበት ነው።

6ኛው ሰው ባትሪ መግዛት አያስፈልግሽም አለ። ሙሉ በሙሉ ጨርሶ፣ ሙሉ በሙሉ መሙላት፣ ይህንን ሦስት ጊዜ መደጋገም። ካልሆነ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዝ ውስጥ ማሳደር። አጎቱ እንዲህ አድርገው ተነስቶላቸዋል።

7ኛው በዚህ ተናደደ። እውነት ለመናገር እኔም ትንሽ ፈራሁ፣ ፍሪዝ ውስጥ ሥጋ አለኝ። ጨርሶ መሙላት የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ወሬ እንደሆነ፣ የሊቲየም ባትሪ እንዲህ ያለ ትዝታ እንደሌለው፣ እንዲያውም እስከ ዜሮ ማውረድ እንደሚጎዳው ጻፈ። አንድ ጊዜ ጨርሶ መሙላት ጥቅም ካለው በመቶው ግምቱን እንዲያስተካክል ነው፣ የሞተ አቅም አይመልስም። ፍሪዙን በሚመለከት፣ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ውስጡ ላብ ይሠራል፣ ውሃና ባትሪ ደግሞ አይዋደዱም አለ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ የሰውየውን አጎት አነሳ።

8፣ 9 እና 10 የአጎት ጠብ ናቸው። 9ኛው ላይ አንድ ሰው ገብቶ ሁለቱንም እንዲያርፉ ጠየቀ፣ በ10ኛው ሁለቱም እሱን ሰደቡት።

11ኛዋ ክሩን ገለበጠችው። ከሐዋሳ ናት። እስካሁን የጻፈው ሁሉ ስለ ባትሪ ሲያወራ እሷ የያዘችው ሌላ ጫፍ ነው። ቻርጀር ሲሰካ ይዘገያል ብለሻል፣ ሲነቀልስ? ይሻለዋል ካልሽ ራም አይደለም። ራም አነሰ ብሎ ሶኬት አይመርጥም። ማሽኑ ሲነሳ የሚያወጣው ጽሑፍ ይኖር ይሆን ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ አፈርኩ። 12ኛው የኔ ኑዛዜ ነው፦ ኤፍ1ም፣ ገመዱም፣ ደብተሩም።

13ኛው የመገናኛው ልጅ ተመልሶ የጻፈው ነው፣ ረጅም ነው፣ ግን አንድም ቃል አልባከነም። የዴል ቻርጀር ጫፍ መሃል ላይ ቀጭን ፒን አለች። ኃይል አታስተላልፍም። ቻርጀሩ ውስጥ ካለች ትንሽ ቺፕ መታወቂያ ነው የምታመጣው፦ ዴል ነኝ፣ 65 ዋት ነኝ የሚል። ማሽኑ መታወቂያውን ካላነበበ ቻርጀሩ ምን ያህል እንደሚችል አያውቅም፣ ስለዚህ ሁለት ነገር ያደርጋል። ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩን ደግሞ ረግጦ ይይዘዋል። ኤፍ1 ተጭኜ ሳልፈው የኖርኩት ጽሑፍም የሚለው ይህንኑ ነው። የመታወቂያዋ ሽቦ ከኃይል ገመዶቹ ሁሉ ቀጭኗ ስለሆነች ገመዱ በታጠፈበት ቦታ መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ ነች። ጠምዘዝ ሲደረግ ተነካክታ ትሠራለች፣ ሲለቀቅ ትሞታለች። ተመሳስለው የተሠሩ ቻርጀሮች ላይ ደግሞ ቺፗ ጭራሽ ላትኖር ትችላለች። የኔ ቻርጀር ዋናው አይደለም፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከመንገድ ዳር የገዛሁት ነው።

እንዴት እንደማረጋግጥም ነገረኝ። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ2 መጫን፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ የባትሪ መረጃ የሚለውን ገጽ መክፈት። እዚያ የቻርጀሩ ዓይነት ተጽፏል።

በ14ኛው ውጤቱን ጻፍኩ። ባዮሱ ቻርጀሩን አላወቀውም። ከጎኔ ካለው የኢንተርኔት ካፌ የዴል ዋናውን 65 ዋት ለአምስት ደቂቃ ለመንኩ። ጠቅ አድርጌ ሰካሁት። ኤፍ1 የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ታስክ ማናጀር (ዊንዶውስ የማሽኑን ሥራ የሚያሳይበት መስኮት) ላይ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በኔ ቻርጀር 0.79 ጊጋኸርትዝ ላይ ተቸንክሮ ነበር፣ በሱ ቻርጀር ዎርድ ስከፍት 2.8 ደረሰ። ሁለት ዓመት እግሩን አስሬ ሩጥ ስለው ኖሬያለሁ። ካፌው ያለው ልጅ መጥቶ ቻርጀሩን እስኪወስድ ድረስ ያለ ሥራ ፋይል ስከፍትና ስዘጋ ነበር።

15ኛው ሰው አልራራልኝም። 14 መልስ ያባከንነው ጠያቂዋ ዋናውን ነገር ስለደበቀች ነው፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ሆዴን ነው እያሉ እግርን መደበቅ ነው፣ ወዘተ። እውነቱን ነው። አጻጻፉ ግን የሚስማር ያህል ይወጋል። 16ኛው ላይ የባሕር ዳሩ መምህር መጡ። የተሳሳተ ምክር ቀድመው የሰጡት እሳቸው መሆናቸውን አምነው፣ ሰው የለመደውን ሕመም እንደ ሕመም አይቆጥረውም ብለው ተከላከሉልኝ። ራሙን ግን አልለቀቁም፣ ለተማሪ መመረቂያ፣ ለብሮውዘርና ለፒዲኤፍ በአንድ ላይ 8 ጊጋ ጠባብ ነው አሉ። በዚህ ልክ ሆነው ተገኝተዋል፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የቻርጀሩ ችግር ታወቀ ማለት የባትሪው ችግር ተፈታ ማለት አይደለም። 24,310 ያው 24,310 ነው። ከ17 እስከ 22 ያለው በሙሉ ባትሪ ከየት ይገዛ የሚል ነው፣ ከክሩ የሞቀውም እዚህ ጋ ነው።

17ኛው መርካቶ ዱባይ ተራ ተመላልሶ የደከመ ሰው ነው። አዲስ ተብሎ የተሸጠለት ባትሪ ሪፖርቱ ላይ መቶ በመቶ ጤነኛ ነው። ሠርቶ ሲያየው ግን ከአሮጌው በሃያ ደቂቃ ብቻ ይበልጣል። ለምን? ሪፖርቱ ቁጥሩን የሚያመጣው ባትሪው ውስጥ ካለች ቺፕ ስለሆነ፣ ቺፗ ላይ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል። ሴሉ ያነሰ፣ ጽሑፉ የበዛ። የሱ ዘዴ ሚዛን ነው። ዋናውንና አዲሱን ጎን ለጎን ይመዝናል፣ በግልጽ የቀለለውን አይገዛም። የሽንኩርት ሚዛን ይዞ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ሲገባ ሻጮቹ እንደሚስቁበትም ጽፏል።

18ኛዋ ሻርጃ የምትሠራ እህት ናት። ወደ አዲስ አበባ ከሚሄዱት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ በሷ አካባቢ እንደሚያልፉ፣ ባትሪ የሚባለው ነገር ግን አዲስ ቢሆንም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንኳ እንደሚያረጅ አስታወሰች። ስለዚህ ጀርባው ላይ የታተመውን የተመረተበትን ቀን አንብቡ፣ አምስት ዓመት መጋዘን ውስጥ የቆየ አዲስ ባትሪ አዲስ አይደለም። ይህ ምክር ለቲማቲም ሲሆን ለሁላችን ግልጽ ነው፣ ለባትሪ ግን ማንም አያስበውም።

19ኛው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድም ነው፣ ዋናውን የዴል ባትሪ ገዝቶ ሊልክልኝ ተነሳ። እግዜር ይስጠው። ግን እንቅፋቱንም ራሱ ነገረኝ፦ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ዕቃ ውስጥ ያልተገጠመ፣ ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ ወደ ውጭ አገር አይቀበልም። የሚሆነው በሰው እጅ ነው። አውሮፕላን ላይ ትርፍ ባትሪ በሻንጣ ተጭኖ አይሄድም፣ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው፣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። የኔ 55 ስለሆነ ችግር የለውም። ማገናኛው ከብረት ጋር እንዳይነካካ መሸፈን አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ቢጨስ ሰው ያየዋል፣ ከታች ዕቃ መጫኛው ውስጥ ግን ለሠራተኞቹ ደርሶ ማጥፋት ከባድ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 20ኛው ስለ አደራ ነው። አንዲት ዳላስ ያለች ሴት፣ አገር ቤት በመጣች ቁጥር ከራሷ ልብስ የሰው ዕቃ እንደሚበዛ፣ ባለፈው ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያና የማታውቀው ሰው የሠርግ ጫማ ይዛ እንደመጣች ጻፈች። 21ኛው ደግሞ ለዘመድ ዕቃ መያዝ ከበደሽ ወይ ብሎ አኮረፈ። 22ኛው የጫማውን ቁጥር ጠየቀ።

እኔ ባትሪውን እዚሁ ገዛሁ፣ ካንድ የማውቀው ደንበኛዬ ከሚሠራበት ሱቅ፣ የተመረተበትን ቀን አንብቤ፣ ካልሆነ እመልሳለሁ ተባብለን። ከመግዛቴ በፊት ግን የ23ኛው መልስ መጣ፣ እሱን ባላነብ ኖሮ አሮጌውን ለወራት እዚያው ተሸክሜው እኖር ነበር።

23ኛው እንዲህ ነበር፦ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፣ ይወዛወዛል ወይ? የታችፓዱ ጠቅታ ደንድኗል ወይ? ሁለቱም አዎ ነበሩ። የታችፓዱ መደንደን ከሰኔ ጀምሮ ያለ ነው፣ አቧራ መስሎኝ በጥፍሬ ስፍቀው ከርሜያለሁ። ባትሪው አብጧል ማለት ነው ተባልኩ። በሴሎቹ ውስጥ ጋዝ ተፈጥሮ እንደ ትራስ ይነፋቸዋል፣ ከላይ ያለውንም ይገፋል። ካሁን በኋላ እንዳልሞላው፣ እንዳልጫነው፣ በምንም ስለት እንዳልነካው አጥብቆ ነገረኝ። ከተበሳ ውስጡ ይገናኛል፣ ይግላል፣ አንዱ ሴል ሌላውን እያቀጣጠለ ይሄዳል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ከፈትኩት። አጥፍቼ፣ ቻርጀር ነቅዬ፣ የበሩን ብረት እጀታ ነክቼ፣ ሰውነቴ ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ እንዳይተላለፍ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ። ወልቀው የሚጠፉ አይደሉም፣ ከክዳኑ ጋር ይቀራሉ፣ ይህን ያሰበው ሰው ይባረክ። ክዳኑን በአሮጌ የሞባይል ካርድ ጫፉን ጫር ጫር እያደረግኩ አላቀቅኩት። መጀመሪያ ያየሁት ባትሪ አይደለም፣ አቧራ ነው። ማራገቢያው ላይ የተጠቀለለው የፎቶ ኮፒ ዱቄትና አቧራ ግራጫ ሱፍ ሆኖ እንደ ትንሽ ምንጣፍ በሁለት ጣት ተነሳ። ባትሪው ጥቁር፣ ሰፊ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው ከፍ ያለ። በጣቴ ጀርባ ስነካው ከላይ ለስለስ ይላል፣ እንደ ሞላ የጁስ ካርቶን። ማገናኛውን ቀስ ብዬ ሳብኩ፣ ማብሪያውን ለትንሽ ሴኮንድ ተጭኜ ያዝኩ፣ የቀረውን ኃይል እንዲለቅ። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ። የታችፓዱ ጠቅታ ያኔውኑ ተመለሰ። አራት ወር ጥፍሬን የጨረሰው እሱ ነበር።

እጄ ገብቶ እያለ ራሙንም አየሁ። መምህሩ እንዳሉት አንዱ ቦታ ባዶ ነው። ማሽን ሳይከፍቱም ማወቅ ይቻላል፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስንት ቦታ እንደተያዘ ይጽፋል። 24ኛው ላይ የመገናኛው ልጅ፣ ይህ ማሽን ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ዓይነት እንጂ ዲዲአር3 እንደማይቀበል፣ የራሙ ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍተት የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነች በግድ ማስገባት እንደማይቻልና እንደማይገባ አስጠነቀቀ። የሚፈልገው የላፕቶፕ አጭሩ ዓይነት ነው። ፍጥነቱ 2400 የሆነ ቢገኝ ይሠራል፣ ፍጥነቱን ወደ ማሽኑ 2133 ያወርደዋል እንጂ አይጣላም። ሁለት እኩል ራም ሲሆን ደግሞ ሁለት መንገድ ይከፈታል፣ የስክሪኑ ካርድ የራሱ ራም ስለሌለው እሱም ይጠቀማል። ያገለገለ 8 ጊጋ አገኘሁ፣ አጋድሜ አስገብቼ ወደ ታች ስጫነው ሁለቱም ጆሮዎቹ ጠቅ አሉ። ኤስኤስዲውን ተውኩት። 256 አልሞላብኝም፣ ሲሞላ አስባለሁ።

25ኛው ዱብ ዕዳ ይዞ መጣ። ይህን ሁሉ ለምን ትለፊያለሽ፣ ማሽኑ ሞት ተፈርዶበታል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች በይፋ አይቀበልም። ስድስተኛ ትውልድ ላይ አዲስ ባትሪ ማሰር ለሽማግሌ የሠርግ ልብስ ነው አለ። ነገሩ ልክ ነው። ሌላ ሰው በ26ኛው፣ ለግል ተጠቃሚ የደኅንነት ዝመና ለአንድ ዓመት፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚራዘምበት መንገድ እንዳለ ጨመረ። ለኔ ያ በቂ ነው። አንድ ዓመት ማለት ሁለት የመመረቂያ ወቅት ነው፣ ባትሪውን ይመልሳል።

27ኛው ዊንዶውስን ትተሽ ሊኑክስ የሚባለውን ጫኚ የሚል ሰው ነው። ሁሌም አለ። በነፃ፣ ፈጣን፣ ለአሮጌ ማሽን የተሠራ፣ ዊንዶውስ ላይ መቅረት ስንፍና ነው። ሊኑክስ አልጠላም፣ ቃሉ ግን አናደደኝ። እኔ ዘንድ ፍላሽ ይዞ የሚመጣው ሰው ግማሹ ጽሑፉን በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የጻፈ ነው። ፎንቱ ከሌለ አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። ፓወር ግዕዝም እጄ ላይ አለ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፍበት ነው። ይህን ስጽፍለት 28ኛው ላይ አንድ የቤተ ክህነት ጸሐፊ ነኝ ያለ ሰው ተናዶ ገባ፣ ያለን አራት መቶ ገጽ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው፣ የሊኑክሱ ባለሙያ መጥቶ እንደገና ይተይብልን አለ። 29ኛው አበረደው። ኪማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በሊኑክስም በዊንዶውስም አማርኛ እንደሚጽፍ፣ በዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን በሚያውቀው የፊደል ኮድ) የተጻፈ ደግሞ የትም ቢሄድ እንደማይበላሽ፣ የድሮውን ፋይል ግን አንድ ቀን መለወጥ የሁላችንም ዕዳ እንደሆነ ነገረን። ለዚህ ለብቻው ክር ይገባዋል። የኔ ጥያቄ ባትሪ ነበር።

ስለ አጠቃቀም የመጣው 30ኛው ነው፣ የሐዋሳዋ ናት እንደገና። ባዮስ ውስጥ የባትሪ አሞላል የሚል ምርጫ አለ። ሁሌ ተሰክቶ ለሚውል ማሽን ከመቶ በታች እንዲቆም ማድረግ ዕድሜውን ያረዝማል፣ ሊቲየም ሞልቶ መቀመጥና ሙቀት አይወድም። ሙቀት ስትል ሳቅኩ። ላፕቶፔ የሚቀመጠው ፎቶ ኮፒው አጠገብ፣ ትኩሱ አየር በሚወጣበት በኩል ነው። አዛወርኩት። ከመቶ በታች የሚለው ላይ ግን አልተስማማሁም። መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚነግረኝ የለም፣ 80 ላይ ባቆመው ያቺ ሃያ በመቶ የአንድ ሰው ምዕራፍ ሦስት ናት። 90 ላይ ተስማማን።

ውጤቱን ለጠየቃችሁኝ፦ አዲሱ ባትሪ ሪፖርቱ ላይ 55,000 ይላል፣ እሱን ግን ማመን ስላቆምኩ በሰዓት ለካሁ። ነቅዬ፣ ስክሪኑን አጋማሽ ላይ አድርጌ፣ ዎርድና ብሮውዘር ከፍቼ ስጽፍ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሄደ። በ11 ዋት አካባቢ የሚበላ ማሽን ከሆነ 55 ዋት-ሰዓት 5 ሰዓት ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ሻጩ አልዋሸኝም። ለሱም ደውዬ ነገርኩት፣ ለምን እንደለካሁት አልገባውም።

የቀረኝ ያበጠው ባትሪ ነው። ምናለሽ ተራ ውሰጂው ያሉኝ ነበሩ፣ እዚያ የማይረባ ዕቃ የለም። ግን አንዱ ልጅ ለመዳቡ ብሎ ቢቀጠቅጠው በኔ ነው የሚቆጠረው። ማገናኛውን በፕላስተር ሸፍኜ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ሞልቼ ቀብሬዋለሁ፣ ከሱቁ ጀርባ ጥላ ውስጥ፣ ከወረቀቱ የራቀ ቦታ። የሚረከብ ድርጅት የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ።

31ኛው መልስ ትናንት ማታ መጣ። ይህን ጥያቄዬን አይቶ ይሆናል ብዬ በጉጉት ከፈትኩት። ክሩን ያላነበበ ሰው ነው፣ የዴል ቻርጀር ቀይሬ ከሆነ አሮጌውን በስንት እንደምሸጥለት ይጠይቃል።